ጂኑ የጠፋበት አይጥና የእኔ የአዮዲን ጠርሙስ

ከአንድ ዕጩ መምህር

ባለፈው ሰሞን ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት፣ አምስተኛ ክፍል ገብቼ የስታርች ምርመራ አሳያለሁ ብዬ አፍሬ ወጥቻለሁ። ድንቹን ቆረጥኩ፣ አዮዲኑን ጠብ አደረግኩ፣ «አሁን ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል» አልኩ። ድንቹ ግን እንደነበረ ቀረ። ተማሪዎቹ እኔን ያያሉ፣ እኔ ድንቹን አያለሁ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ታዲያ ቲቸር፣ ይኼ ድንች ስታርች የለውም ማለት ነው?» አለችኝ። እኔም አፌ ላይ እንደመጣልኝ «አዎ፣ አንዳንዱ አይኖረውም» ብዬ አለፍኩት። ውሸቴን ነው። ጥፋቱ የጠርሙሱ እንጂ የድንቹ አልነበረም። ክዳኑ ላልቶ ከርሞ ኖሮ አዮዲኑ ተንኖ አልቋል፤ የቀረው ከውሃ ብዙም የማይሻል ነገር ነው።

ይህን አስተያየት ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን የራሴ ጉድ ብቻ አይደለም። ስለ ነርቭ በማጠናበት ጊዜ ያገኘሁት የአይጥ ታሪክ፣ የእኔን ጠርሙስ የመሰለ ስሕተት በትልልቅ ላቦራቶሪዎችም እንደሚደርስ ስላሳየኝ ነው።

እንደሚታወቀው የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኬሚካል መልእክተኞች አማካይነት ነው። ከነዚህ አንዱ ሴሮቶኒን ይባላል። ሰውነት ይህን ኬሚካል የሚሠራው ከምግብ ከሚያገኘው ትሪፕቶፋን ሲሆን፣ ሥራውን የሚጀምረው ትሪፕቶፋን ሃይድሮክሲሌስ የተባለው ኢንዛይም ነው። የኢንዛይሙ ንድፍ ያለው ደግሞ በጂን ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ጂኑ አንድ ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። ታዲያ በበርሊን የማክስ ዴልብሩክ ማዕከል ተመራማሪዎች ይህንኑ ጂን ከአይጥ አጥፍተው ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያወጡ ጉዳዩ ተገለባበጠ። የአይጡ አንጀትና ደም ሴሮቶኒን አጥተዋል ለማለት ይቻላል። አንጎሉስ? አንጎሉ ውስጥ ሴሮቶኒኑ አለ! ሠሪው የለም፣ ሥራው አለ። ቢፈልጉ ሁለተኛ ጂን አገኙ። የፊተኛው ቲፒኤች አንድ፣ አዲሱ ቲፒኤች ሁለት ተባለ፤ በአንጎል ውስጥ በዋነኛነት የሚሠራውም ይኸው አዲሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከዚያ በፊት በአንጎል ውስጥ ኢንዛይሙን ለማየት ያገለግሉ የነበሩት ሪኤጀንቶች ምን ሲያሳዩ ኖረዋል? ከነዚህ ዋነኛው አንቲቦዲ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ ፕሮቲኑን ወይም ቁራጩን ለምሳሌ ለጥንቸል በመርፌ ይሰጣሉ፤ የጥንቸሏ ሰውነት እንግዳ ነገር ገባብኝ ብሎ የሚያመርተውን አንቲቦዲ ከደሟ ይወስዳሉ። በስሱ በተቆረጠ የአንጎል ቁራጭ ላይ ሲያፈሱት ፕሮቲኑን ፈልጎ ይይዛል፤ የያዘበትም ቦታ በቀለም እንዲታይ ይደረጋል። ይሁን እንጂ ሁለቱ ኢንዛይሞች ከመቶ ሰባ ያህሉ አካላቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አንዱን እንዲይዝ የተሠራ አንቲቦዲ ሌላውንም ሊይዝ ይችላል። ቀለሙ መጣ፣ ግን የመጣው ስለ የትኛው ነው? ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ስም ይህን አይመልስም።

የሚመልሰው ቲፒኤች ሁለት የጠፋበት አይጥ ነው። እንዲህ ያለው አይጥ በኋላ ተፈጥሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት እንደተገለጸው እድገቱ ይዘገያል፣ ብዙዎቹም ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ የተረፉት እናቶች ልጆቻቸውን በወጉ አይንከባከቡም። ለሪኤጀንት ግን የዚህ አይጥ አንጎል ጥሩ ዳኛ ነው። አንቲቦዲው በዚህ አንጎል ላይም ቀለም ካሳየ የያዘው ሌላ ነገር ነው፣ ዋሽቷል። በዚህ ላይ ሳያሳይ፣ ከአንድ እናት አብሮት በተወለደው ጤነኛ ወንድሙ ላይ ካሳየ ይታመናል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ወንድሙ ከሌለ፣ አንቲቦዲው እንደ እኔ አዮዲን ሞቶም ሊሆን ይችላላ!

ነገሩ ተራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ለ65 ፕሮቲኖች ተብለው የሚሸጡ 614 አንቲቦዲዎችን ጂኑ በጠፋባቸው የሰው ሴሎች ላይ ፈትኖ ነበር። ለእያንዳንዱ ፕሮቲን በአማካይ 12 የታተሙ ጽሑፎች በፈተናው የወደቀ አንቲቦዲ ተጠቅመው ተገኝተዋል። ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ የሰው ድካም! ለዚህ ሲባል አይጥ ጂኑ ጠፍቶ መወለዱ ያሳዝናል የሚል ይኖራል፤ እኔንም ያሳዝነኛል። ነገር ግን በማይሠራ ሪኤጀንት ምክንያት በከንቱ የሚያልቁት አይጦች ይበልጥ ያሳዝናሉ።

ይህን ለባልደረቦቼ ባነሣ «ኧረ ተወን፣ እኛ የምንሄደው ላቦራቶሪ ወደሌለበት ትምህርት ቤት ነው፤ በአርባ ደቂቃ ውስጥ አንድ ሙከራ ከሠራን ይበቃል፣ ልጆቹንም ማደናገር ነው» አሉኝ። የጊዜው ነገር እውነት ነው። ማደናገሩን ግን በበኩሌ አልቀበልም። የእኔን ክፍል ያደናገረው ሁለት ሳሕን መብዛቱ ሳይሆን አንድ ሳሕን ብቻ መኖሩ ነው። በአንዱ ላይ ዱቄት፣ በሌላው ላይ ስኳር አድርጌ መጀመሪያ ጠርሙሱን ብፈትነው ኖሮ፣ ዱቄቱ አለመጥቆሩን ክፍል ሳልገባ አይ ነበር። አዮዲኑ ደኅና ቢሆን ደግሞ ስኳሩ አለመጥቆሩን ልጆቹ ራሳቸው አይተው፣ አዮዲን የነካው ሁሉ እንደማይጠቁር ይረዱ ነበር። ለዚህ ምን ላቦራቶሪ ያስፈልጋል? አንድ ጭብጥ ዱቄትና አንድ ማንኪያ ስኳር ነው።

የሳይንስ ክበባችንም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ባሉት ጠርሙሶች ሁሉ ላይ የተከፈቱበትን ቀን ቢጽፍባቸው፣ አዮዲኑንም ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ክዳኑን አጥብቆ ቢያስቀምጠው እላለሁ።

እኔ የፊታችን ሐሙስ ወደዚያው ክፍል እመለሳለሁ። አዲስ አዮዲን፣ ዱቄት፣ ስኳርና ድንች ይዣለሁ። ጠብታውን ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ እንድታደርገው እጠራታለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ያኔ የመለስኩላት ስሕተት እንደነበረ በክፍሉ ፊት እነግራታለሁ።