ኪሎው ጨምሯል፤ ልጁስ?

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ 5 ዓመት ያለፋቸው፣ ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ሕመም ያለባቸው ልጆች የአመጋገብ ክትትል

በሕፃናት ክትትል ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። አስም ያለባቸው፣ ቲቢ ታክመው ሳንባቸው ላይ ጠባሳ የቀረባቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ሳል የማይለቃቸው ልጆች ለቀጠሮ ይመጣሉ። ሚዛን ላይ እናወጣቸውና ኪሎ እንጽፋለን። ቁመት መለኪያውም ግድግዳው ላይ አለ፤ ወረፋው ሲረዝም ግን ማን ያስታውሰዋል?

በቅርቡ አንድ የ8 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር መጣ። አስሙ በተነሣ ቁጥር ፕሬድኒሶሎን ኪኒን እየተሰጠው ጉንጩ ሞልቷል፣ ሆዱም ገፋ ብሏል። ኪሎው ከባለፈው ጨምሯል። «እሰይ፣ ወፈረልኝ!» አለች እናቱ። ሸሚዙን ሲያወልቅ ክንዱ እንጨት ሆኗል፤ በጎድኖቹ መሐል ያለው ቆዳ በየትንፋሹ ይሰረጉዳል። ቁጢጥ ብለህ ተነሥ ስለው ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተደግፎ ነው የተነሣው። ካርዱ ላይ የሰፈረው ግን ያው መልካም ዜና ነው።

እንዲህ የሚሆንበት ምክንያት ለባለሙያዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። የታፈነ ደረት ለመተንፈስ ብቻ ብዙ ጉልበት ይጨርሳል። ልጁ እየጎረሰ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሆዱ ሲሞላ ድያፍራሙን ወደ ላይ ስለሚገፋው ይጨንቀዋል፤ ሳሉ ሲጠናበት የበላውን ያስመልሰዋል። በዚያ ላይ ወተትና ሙዝ «አክታ ያበዛሉ» ተብለው ይከለከላሉ። ኪኒኑ ሲደጋገም ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ከፍቶ ስብ ያከማቻል፣ ጡንቻ ያሳሳል፣ ቁመት ይገታል። ለመተንፈስም ለማሳልም ጡንቻ ያስፈልጋል፤ አቅም ያጣ ልጅ አክታውን እንኳ ጠርጎ ማውጣት ይሳነዋል።

ታዲያ እነዚህን ልጆች ማን ያያቸዋል? ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ቀይ የምታሳየው የክንድ ዙሪያ መለኪያ፣ ሙዋክ፣ ከ6 እስከ 59 ወር ላሉ ሕፃናት ናት። ልጆች እንዳይቀነጭሩ የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከ2 ዓመት በታች ባሉት ላይ ያተኩራል። ትክክል ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን የሳንባ ሕመም ልጁ 5 ዓመት ሲሞላው አይተወውም።

ስለዚህ ከኪሎ ባሻገር ስብና ጡንቻ ተለይተው ይለኩ። እንዲህ የሰውነት ይዘት መለካት የፈረንጅ ቅንጦት ነው የሚለኝ ካለ ወደ ጅማ እመራዋለሁ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የጨቅላዎችን ስብ ከቀረው ክብደት ለይተው በመሣሪያ ለክተዋል፤ ልጆቹንም ትምህርት ቤት እስኪገቡና ከዚያም በኋላ ተከታትለዋል። ያንን መሣሪያ በየጤና ጣቢያው ትከሉ አልልም። ሜትርና የቆዳ እጥፋት መለኪያ ይበቃናል። የክንድ ዙሪያና ከክንድ ጀርባ ያለው የቆዳ እጥፋት አንድ ላይ ከተያዙ ጡንቻው ምን ያህል እንደሆነ ማስላት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ ልጆች ያወጣው የዕድገት ሠንጠረዥም በየክትትል ክፍሉ ይለጠፍ።

ሌላው የመድኃኒት ነገር ነው። እኛ ጋ ሳልቡታሞል ፓፍ አይጠፋም፤ ሕመሙን የሚከላከለው የቤክሎሜታዞን ፓፍ ግን ዛሬ አለ ሲባል ነገ የለም። የሚሳበው መድኃኒት በቀጥታ ሳንባ ስለሚደርስ መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ቁመት ላይ ጥቂት ተጽዕኖ ቢኖረውም ከተደጋጋሚ ኪኒን ጋር የሚወዳደር አይደለም። ፓፉ የሚገጠምበት ስፔሰር ከታጣ በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ሠርተን እንሰጣለን፤ መድኃኒቱን ግን መሥራት አንችልም።

ስለዚህ የክትትል ካርዱ በሚቀጥለው ሲታተም ለቁመት፣ ለክንድ ዙሪያና ለቆዳ እጥፋት ቦታ ይኑረው። ቤክሎሜታዞንም እስከ ጤና ጣቢያ በመደበኛ አቅርቦት ይድረስ። ጉዳዩን የሚይዘው የሥነ ምግብ ክፍላችሁ ይሁን ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ክፍላችሁ በጽሑፍ ይገለጽልን፤ እስከ ዛሬ አንዱ ወደ ሌላው ሲመራን ነው የቆየነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የሕፃናት ክትትል ክፍል ነርስ