ኖራና ቀርከሃ

በሥነ ጥበብ መድረኮቻችን ሥር የሰደደ አንድ አመለካከት አለ። ይኸውም ታሪክ ማለት ድንጋይ ነው፤ ድንጋይና ኖራ ያልነካው ሁሉ ደግሞ ተራ የጎጆ ሥራ ነው የሚል ነው። በዚህ አመለካከት የጎርጎራው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ «ሥነ ሕንፃ» ተብሎ ሲጠና፣ በጨንቻ ደጋ የዶርዜ ቤት ሠሪ የሚያቆመው የቀርከሃ ቤት ግን የፖስታ ካርድ ማድመቂያ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ወገን ፊት ለፊት የተሰለፈ ሌላም ወገን አለ፤ እርሱ ደግሞ የጎርጎራው ድንጋይ የባዕዳን ሥራ ነውና አይመለከተንም ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የሁለቱም የስሕተት ምንጭ አንድ ነው፤ ሕንፃውን ሲያዩ የሠራውን እጅ አያዩም።

ከጎርጎራ እንጀምር። በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኘውና ሕዝቡ ማርያም ግንብ ብሎ የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1626 ነው። ብዙዎች የአባ ፔድሮ ፓኤዝ ሥራ ነው ይላሉ። ነገር ግን ፓኤዝ በ1622 ሞቷል፤ እርሱ ያሠራው በአሮጌው ጎርጎራ የነበረውን ቀዳሚውን ቤተ ክርስቲያን ነው። ማርያም ግንብ ረጅም ባለ አንድ አዳራሽ ሕንፃ ነበር። ጣሪያው በድንጋይ ቅስት የተደፈነ፣ የመቅደሱ ቅስት በተቀረጹ የአበባ ምስሎች ያጌጠ፣ ግድግዳው ተጠርቦ በኖራ የተያያዘ ነበር። ኖራ አቃጥሎ ለግንብ ማያያዣ ማድረግ በአገራችን የተስፋፋው በዚያው ዘመን ነው።

ታዲያ የዚህ ውብ ሕንፃ ዕጣ ምን ሆነ? በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የሕዝቡን ጥምቀት እንደ ጥምቀት፣ የካህናቱን ክህነት እንደ ክህነት አልቆጠረም። እንደገና ተጠመቁ፣ እንደገና ተካኑ አለ። የላቲንን ሥርዓት በአዋጅ ለመትከል ሞከረ፤ አፄ ሱስንዮስም ሰይፋቸውን አዋሱት። አገር በደም ታጠበ። በ1632 ሱስንዮስ ራሳቸው የአባቶች ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዐወጁ፤ ልጃቸው ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ማርያም ግንብ በካቶሊክነት ያገለገለው ዐሥር ዓመት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነው። ግንቡ ቆመ፤ ጉባኤው ግን ተበተነ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲል እሻለሁ። ሕዝቡ የተጫነበትን ሥርዓት ጣለ እንጂ ኖራውን አልጣለም። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ፣ ከዚያም በኋላ ግንቦቻቸውን ሲያሠሩ፣ ያ ጥበብ በአገር ውስጥ ነበረ። «ጎንደርን ፖርቱጋሎች ሠሩት» የሚለው ተረት ከዓመተ ምሕረቱ ጋር እንኳ አይስማማም፤ ግንቦቹ የተነሡት ኢየሱሳውያኑ ከተባረሩ በኋላ ነውና። ሕዝብ ከሌላው የሚቀበለውንና የማይቀበለውን የሚለይ ባለ ልቡና ነው። ባህል የሚያድገውም በዚህ ምርጫ ነው እንጂ በጭነት አይደለም።

አሁን ወደ ጨንቻ እንሻገር። ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ከዓባያ ሐይቅ ሽቅብ በሚወጣው ደጋ ላይ የዶርዜ ቤት ሠሪ ቀርከሃውን ሰንጥቆ እንደ ሸማ ይሸምነዋል። ሚስማር አያውቅም። ከመሬት ጀምሮ እየሸመነ ወደ ላይ ያጠብበዋል፤ ከውጭ በቀርከሃ ቅርፊትና በእንሰት ቅጠል ያለብሰዋል። አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ከፊት ለፊቱ አፍንጫ የመሰለ መግቢያ፣ ከላይ ደግሞ ዓይን የመሰሉ ሁለት መተንፈሻዎች ስላሉት የዝሆን ራስ ይመስላል። ከውስጥ ለሰውና ለከብት የየራሱ ክፍል አለ፤ የምድጃው ጢስ ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቃል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የበሰበሰው ይቆረጣል፤ ቤቱም ጥቂት ያጥራል እንጂ አይፈርስም። እንዲህ እያጠረ ከ40 ዓመት በላይ ይኖራል። ቦታ መለወጥ ቢያስፈልግ ጎረቤት ተሰብስቦ በወጋግራ አንሥቶ ይሸከመዋል። ለመሆኑ፣ ከቦታ ቦታ በሰው ትከሻ የሚሄድ ሥነ ሕንፃ ካለን፣ ሥነ ሕንፃ የለንም የሚለን ማን ነው?

ይህን ጥበብ መናቅ ድንገት የመጣ አይደለም። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪውን «ቡዳ» እያለ የኖረው የፊውዳል አስተሳሰብ ቅሪት ነው። የጋሞ ሸማኔ ከጨንቻ ደጋ ወርዶ እስከ አዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ድረስ መወርወሪያውን ይዞ ተሰደደ። በበዓል ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የሚያበራውን ነጠላ ተመልከቱ፤ ብዙው የእርሱ እጅ ሥራ ነው። ያ እጅ የሸመነውን ለብሶ መቅደስ የሚገባ ሰው፣ ያ እጅ የሸመነውን ግድግዳ ለመቅደስ አይገባም ካለ ምን ይባላል?

በጋሞ ደጋ ቤተ ክርስቲያን ለሚያሠሩ ሁሉ፣ በተለይም ለካቶሊክ ቁምስናዎች፣ ጥያቄዬ ይህ ነው። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ ቤተ ክርስቲያን የራሷ አድርጋ የያዘችው አንድ የጥበብ ስልት እንደሌላት፣ የየሕዝቡንና የየአገሩን ጥበብ እንደምትቀበል አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን የመጡት ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስም ከሜንዴዝ ስሕተት ተምረው የግዕዙን ሥርዓት አከበሩ። ሥርዓቱና ሕጉ ይህን ከፈቀዱ፣ በደጋው ላይ የሲሚንቶ ሣጥን ከቆርቆሮ ክዳን ጋር ማቆም ከየት የመጣ ግዴታ ነው? ፖምን ሚሲዮናውያን ወደ ጨንቻ አመጡት፤ ፖሙ የጨንቻ የሆነው ግን የጋሞ ገበሬ በራሱ አፈር ላይ ስላሳደገው ነው። ሕንፃም እንደዚሁ ነው።

«ቀርከሃ አይዘልቅም» የሚል መቃወሚያ ይመጣል። ማርያም ግንብም በኖራ ተይዞ ፈርሷል። መዝለቅ የቁሱ ብቻ ሳይሆን የጠጋኙም ነው፤ ጠጋኝ ያጣ ግንብ ይፈርሳል፣ ጠጋኝ ያለው ጎጆ ልጅ ልጅ ያያል። «እሳት ይፈራል» የሚለው ግን እውነት ነው፤ ሊታለፍም አይገባም። መሠረቱን ድንጋይ፣ መቅረዙ የሚቆምበትን ወለል ሸክላ ማድረግ የባለሙያው ሥራ ነው፤ ባለሙያውን የጠየቀው ግን የለም። «ቀርከሃ የድህነት ምልክት ነው» ለሚሉት ደግሞ መልሴ አጭር ነው፤ ድህነት ያለው የራስን ጥበብ ዋጋ አለማወቅ ላይ ነው።

እንግዲህ ከቃል ወደ ሥራ እንለፍ። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ጎርጎራን ሲለኩ ዶርዜንም ይለኩ፤ የቤት ሠሪው ስም እንደ መሐንዲስ ስም በሥዕሉ ግርጌ ይጻፍ። ሽማግሌ ባለሙያዎች ሳያልፉ አሸማመኑና አቆራረጡ በምስልና በድምፅ ይመዝገብ። የቀርከሃ ጫካው ይጠበቅ፤ ጫካው ከሌለ ቤቱም የለም። በጋሞ ምድር አዲስ መቅደስ የሚያሠራ ቁምስናም ሆነ ደብር፣ ከተቋራጩ በፊት የመንደሩን ቤት ሠሪ ያማክር። የጎርጎራው ድንጋይ ያስተማረን ይህን ነው፤ ሕዝብ በእጁ ያልነካውን ሕንፃ በልቡ አይሸከመውም። የጨንቻ ሰው ደግሞ ቤቱን በትከሻው መሸከምን ያውቅበታል።