ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል ስንል ምን ማለታችን ነው?



በዚህ የምርጫ ዘመቻ ቤት ለቤት ስንዞር ከሁሉ የከበደን ተቃውሞ የመጣው ከገዥው ፓርቲ ካድሬዎች ሳይሆን ከእናንተው ነው። አንዲት እናት ቡና አፍልተው ካስተናገዱን በኋላ የሰጠኋቸውን ወረቀት መልሰው እያቀበሉኝ፣ «ልጄ፣ ይህን ሕገ መንግሥት ባትነካኩት ምን አለበት? እናንተ ላይ በተነታረካችሁ ቁጥር የሚቀበረው የእኛ ልጅ ነው» አሉኝ።

የእማማን ቃል አቅልዬ አላየሁትም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በ1948 የተተካው በንጉሠ ነገሥቱ መልካም ፈቃድ ነበር። የ1948ቱን ደርግ በ1967 መስከረም አገደው። የ1979ኙ ደግሞ በ1983 ከደርግ ጋር አብሮ ወደቀ። ሕገ መንግሥት በመንግሥት ለውጥ፣ መንግሥትም በጠመንጃ ሲለወጥ በኖረበት አገር «ማሻሻል» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ታንክ ቢታየው አይፈረድበትም። እኛ ተቃዋሚዎችም ከጥፋት ነጻ አይደለንም። «ተቀዶ ይጣል» ሲሉ የኖሩ ከመካከላችን አሉ፤ ሕዝቡን ያስፈሩትም እነርሱ ናቸው።

ፓርቲያችን የሚጠይቀው የተወሰነ ነገር ነው። በአንቀጽ 83 መሠረት ሕገ መንግሥታዊ ክርክር ሲነሳ ውሳኔ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የዚህ ምክር ቤት አባላት የክልል ምክር ቤቶች መርጠው የሚልኳቸው ፖለቲከኞች ናቸው። የሕግ ባለሙያዎች ያሉበት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በአንቀጽ 84 ሥር ቢኖርም፣ ትርጉም ያስፈልጋል ሲል ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ያቀርባል እንጂ የመጨረሻው ቃል የእርሱ አይደለም።

ይህ የጠበቆች ወግ ብቻ የሚመስለው ሰው 2012ን ያስታውስ። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የምክር ቤቶቹ የሥራ ዘመን ሊያበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ አገሪቱን ማን ይምራ ለሚለው ጥያቄ ሕገ መንግሥቱ ግልጽ መልስ አልነበረውም። አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን ጠርቶ ሕዝብ በቴሌቪዥን እያየ ማድመጡ የሚያስመሰግን ነው። ውሳኔውን ግን ሰኔ 3 ቀን 2012 የሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤትንና የክልል ምክር ቤቶችን፣ እንዲሁም የራሱን የሥራ ዘመን አራዘመ። ወረርሽኝ ነበርና ሌላ መውጫ ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም የሚለውን መርህ እኛ የተማርነው ገና የሕግ ትምህርት ቤት በገባንበት ዓመት ነው። የትግራይ ክልል መስተዳድር ውሳኔውን አልቀበልም ብሎ ጳጉሜን 4 ቀን የራሱን ምርጫ አካሄደ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት ተነሳ። ጦርነቱን ያመጣው ይህ ብቻ ነው የሚል ካለ አገሪቱን አያውቃትም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት ዳኛ በዚያ ሰዓት አልነበረንም፤ እማማ የሚሉት ልጅም ከዚያ በኋላ ነው የተቀበረው።

በመሆኑም አንቀጽ 62፣ 83 እና 84 ተሻሽለው ራሱን የቻለ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ይቋቋም እንላለን። ከዚሁ ጋር የጠቅላይ ሚኒስትሩ የሥልጣን ዘመን ይገደብ። ሥልጣኑ በአብዛኛው የክብር የሆነው ፕሬዚዳንት ከሁለት ጊዜ በላይ እንዳይመረጥ ተከልክሎ፣ አገር የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትር ያለ ገደብ መተው የተገላቢጦሽ ነው።

«የብሔሬን መብት ልትነጥቁ ነው» ለምትሉን ወገኖች አንቀጽ 105ን እንድታነቡ እንለምናለን። አንቀጽ 39ን ጨምሮ በምዕራፍ ሦስት ያሉት መብቶች አንድ የክልል ምክር ቤት እንኳ እምቢ ካለ አይነኩም፤ እኛም እንንካቸው አላልንም። ያቀረብናቸው አንቀጾች የሚሻሻሉት የሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበላቸውና ከክልሎች ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም ከ12ቱ ቢያንስ 8ቱ ሲደግፏቸው ነው። አንቀጽ 104 ደግሞ ሐሳቡ አስቀድሞ ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ያዛል። እርግጥ አንድ ፓርቲ ምክር ቤቶቹን ሁሉ ከያዘ ይህ ሁሉ ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ ይገባል። በ2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ይዘው ነበር። የእናንተን ድምፅ የምንጠይቀው ማሻሻያው የሚከራከር ሰው ባለበት ምክር ቤት እንዲታይ ነው።

ይህን ሁሉ ከመገናኛ ብዙኃን መስማት ነበረባችሁ። አንድ የመንግሥት ጣቢያ ለአንድ ሰዓት ያህል አነጋግሮኝ ነበር፤ ያብራራሁትም ስለ አንቀጽ 83 ነው። ሲተላለፍ የቀረችው «መሻሻል አለበት» የምትል ቁራጭ ብቻ ሆነች። ወዲያው ሕገ መንግሥቱን ሊንዱ ስለተነሱ ኃይሎች የሚያትት ዘገባ ተከተለ። በማግስቱ ጎረቤቴ «አንተም ከእነርሱ ጋር ነህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ የሚያዘው አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው። እንጠብቀዋለን የሚሉትን ሕገ መንግሥት በየምሽቱ የሚጥሱት እነርሱ ሲሆኑ፣ ወጪያቸው የሚሸፈነው እናንተ በምትከፍሉት ግብር ነው።

የማሻሻያው ረቂቅ በየጽሕፈት ቤቶቻችን ይገኛል። ወስዳችሁ አንብቡት፤ የማትስማሙበትንም ጽፋችሁ መልሱልን። ለእኚያ እናት አንድ ቅጂ ወስጄላቸዋለሁ፤ ልጃቸው ካነበበላቸው በኋላ ቅሬታቸውን ሊነግሩኝ ቀጠሮ ይዘናል።