«የሰርጋችንን ብር በርሜል በላው!»

«ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመታችን ነው። ለሰርግ ያጠራቀምነውን ብር በርሜል፣ ላሜራ፣ ኩሽኔታና አሮጌ ሞተር ገዝቶበት ግቢያችን ውስጥ የበቆሎ መፈልፈያ እየሠራ ነው። አገር ቤት ላሉት እናቱ ነው። እዚያ መብራት ስለሌለ በአጎቱ የውሃ መሳቢያ ሞተር ያስነሳዋል። ጓደኞቼ ‹ቀጥቃጭ ልታገቢ ነው?› እያሉ ይስቁብኛል። ባለፈው እሁድ ሲሞክረው ደግሞ ቺንጋው ነጠላዬን ይዞ ቀደደው። እሱ ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ። ልተወው ወይስ ልታገሠው?»

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

እህታችን፣ አንቺን ያስጨነቀሽ የጓደኞችሽ ሳቅ ነው። እኛን ያስደነገጠን ግን ነጠላው ነው።

የጓደኞችሽን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ባለእጅን መስደብ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ የከለከሉት ነው። ለእነሱ ገና አልደረሳቸውም መሰለን! ምናለሽ ተራ ከመኪና ባሌስትራ ዶማና መጥረቢያ ሲወጣ ቢያዩ ኖሮ አፋቸውን ይይዙ ነበር። ብሩን ሳይነግርሽ አውጥቶት ከሆነ ግን ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይገባል። ይሁንና በቆሎ በእጁ የፈለፈለ ሰው መዳፍ እንዴት እንደሚላጥ ያውቃል፤ የእናቱን እጅ አይቶ የተነሳን ሰው ለዚህ ብለሽ አትተይው።

አሁን ወደ ማሽኑ። እዚህ የሞከረው በኤሌክትሪክ ሞተር ከሆነ፣ የተለመደው ዓይነት በደቂቃ 1,450 ጊዜ ያህል ይዞራል። የውሃ መሳቢያው የቤንዚን ሞተር ግን እስከ መጨረሻው ሲከፈት 3,600 ሊደርስ ይችላል። ፑሊው ካልተቀየረ ውስጥ ያለው ጥርሳም በርሜል ሁለት ተኩል እጥፍ ይፈጥናል፤ ጥርሶቹን ነቅሎ ሊወረውር የሚታገለው ኃይል ደግሞ ስድስት እጥፍ ይሆናል። እዚህ የያዘ ብየዳ እዚያ ላይይዝ ይችላል ማለት ነው። ወይ የበርሜሉን ፑሊ ያሳድገው፣ ወይ መሃል ላይ ሌላ ዘንግ አስገብቶ ፍጥነቱን በሁለት ደረጃ ያውርደው። «ነዳጁን ቀንሰን እንሠራበታለን» ቢልሽ አትመኚው። እሱ አዲስ አበባ ሲመለስ አንዱ ጎረምሳ ሙሉውን ይከፍተዋል።

ቺንጋውና ፑሊው በላሜራ ወይም በሽቦ ወንፊት ዙሪያውን ይሸፈኑ። በቆሎው የሚገባበት አፍ ከክንድ ይርዘም፤ እጅ ገብቶ ጥርሱ ጋ መድረስ የለበትም። ሲያንቀውም መጀመሪያ ሞተሩ ይጥፋ፣ ከዚያ ይጠረግ። ነጠላ፣ ሻሽ፣ የተንዘረፈፈ እጅጌ አጠገቡ ድርሽ አይበል። አንቺ ወጣት ነሽ፤ ነጠላሽን ለቀሽ ዘለልሽ። እናቱ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው አስረው ነው የሚሠሩት።

ዛሬ ማታ ስታገኚው የሰርጉን ብር ከማንሳትሽ በፊት የተቀደደውን ነጠላ ፊቱ ዘርጊና «የቺንጋው መሸፈኛ የታለ?» ብለሽ ጠይቂው። ምን እንደመለሰልሽ ጻፊልን።