እርቅ ቢወርድም ክሱ አይቀርም፦ የስርቆት ጉዳዮች አፈታት በሰርቦና በአካባቢዋ

ከጅማ ከተማ በስተምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በአዲስ አበባ - ጅማ አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ሰርቦ የቀርሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ሌሎቹ የጅማ ዞን ከተሞች ሁሉ በሰርቦና በአካባቢዋም ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ሁለት መንገዶች ይጠብቁታል። አንደኛው የአገር ሽማግሌዎች እርቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው በፖሊስ ጣቢያ ጀምሮ በወረዳ ፍርድ ቤት የሚያልቀው የመደበኛው ፍትሕ መንገድ ነው። ሁለቱ መንገዶች ሳይናበቡ ሲቀሩ ተጎጂው ንብረቱን፣ ኅብረተሰቡ ደግሞ ጸጥታውን ያጣል።

በአገራችን ሌባን የማግኘትና የመዳኘት ሥራ ረዥም ታሪክ አለው። በቀድሞው ዘመን በአውጫጭኝ የአካባቢው ነዋሪ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዲቆይ ይደረግ የነበረ ሲሆን፣ ሌባው ሳይገኝ ከቀረ ካሣው በነዋሪው ላይ ይወድቅ ነበር። ሌባ ሻይ በሚባለው ሥርዓት ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተመራ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት እንደ ሌባ ይቆጠር ነበር። ይህ አሠራር ኋላ ላይ በመንግሥት ተከልክሏል። በሁለቱም ዘዴዎች የተጠርጣሪው ጥፋት በግል ተለይቶ በማስረጃ የሚረጋገጥበት መንገድ አልነበረም።

በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለአጥቢያ ዳኞች ከአምስት ብር ያልበለጠ ዋጋ ያለውን ንብረት ስርቆት በእርቅ የመጨረስ፣ እርቁ ካልተሳካም አይቶ እስከ 15 ብር መቀጮ የመወሰን ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። ሕግ አውጪው ገና በዚያን ጊዜ ለጥቃቅን ስርቆቶች የእርቅን በር ክፍት አድርጎ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ለመደበኛው ፍርድ ቤት እንደተወ ከድንጋጌው መረዳት ይቻላል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 665 ስርቆትን በቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ከባድ ስርቆትን የሚመለከተው አንቀጽ 669 ደግሞ ቅጣቱን እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሰዋል። በቤተሰብ አባላት መካከል ከሚፈጸመው በቀር ስርቆት በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል አይደለም። በመሆኑም ተበዳይ ይቅር ማለቱ ብቻውን የዐቃቤ ሕግን ክስ አያስቀርም።

ችግሩ የሚነሣው ከዚሁ ነጥብ ላይ ነው። ቤተሰብና ጎረቤት ታርቆ የተሰረቀው ንብረት ወይም ዋጋው ከተመለሰ በኋላ ምስክሮች በፍርድ ቤት ቀርቦ የመናገር ፍላጎታቸው ይቀንሳል። የአንድ መንደር ሰው በታረቀው ጎረቤቱ ላይ መመስከርን እርቅ እንደ ማፍረስ ሊቆጥረው ይችላል። መጥሪያው በቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ገበሬው ማሳውን ትቶ ወደ ከተማ መምጣት ይከብደዋል። ምስክር ያልቀረበበት ክስ ተከሳሹን በነጻ ሊያሰናብት ይችላል። የተመዘገበ ፍርድ ስለማይኖርም ያው ሰው በሌላ ቀበሌ ሰርቆ ቢያዝ ደጋጋሚነቱን ማሳየት ያስቸግራል።

የተሰረቀው ነገር ዓይነትም ለጉዳዩ አፈታት ወሳኝ ነው። የቀንድ ከብት በቀለሙና በምልክቱ፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ በመለያ ቁጥሩ ይታወቃል። ቀይ እሸት ቡና ግን ከሌላ እሸት ጋር ከተቀላቀለ በኋላ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ፈጥኖ ካልተፈለፈለ ወይም ካልተሰጣ ጥራቱ ስለሚበላሽ በኤግዚቢትነት እንዳለ ማቆየትም አይቻልም። ስለዚህ በእሸት ቡና ስርቆት ዋናው ማስረጃ የሚገኘው ሌባው እጅ ከፍንጅ ሲያዝ፣ ወይም የተሸጠበት ቦታ ወዲያውኑ ሲታወቅ ነው።

የእሸት ቡና ስርቆት ጉዳት ከተወሰደው ኪሎ ያልፋል። ሌባ በጥድፊያ ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ ስለሚገፍፍ ቅርንጫፉን ይጎዳል። ስርቆት የሚሰጋ ገበሬም ቡናው በደንብ ሳይቀላ አስቀድሞ ለመልቀም ይገደዳል። ያልበሰለ እሸት የቡናውን ጥራት ስለሚቀንስ ገበሬው በገበያ ዋጋ፣ አገሪቱም በውጭ ምንዛሪ ይጎዳሉ። ለጎማ፣ ለማና፣ ለሊሙ ኮሳና ለሌሎች የጅማ ዞን የቡና ወረዳዎች ጉዳዩ የኢኮኖሚ ጥያቄም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የስርቆት መጨረሻው ገዢ እንደመሆኑ ሕጉ ገዢውንም አልዘነጋም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 በወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ንብረት የሚቀበልን ወይም የሚሸሽግን ሰው ይቀጣል። የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ደግሞ ግብይቱ በተፈቀደለት ሰው እና በተፈቀደ ቦታ እንዲካሄድ ይጠይቃል። የግብይት ሥርዓቱን በአግባቡ የሚከታተል የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሻጩን፣ ቀኑንና መጠኑን ከሚያሳየው የግዢ መዝገብ ለፖሊስ ዋጋ ያለው ማስረጃ ሊያቀርብ ይችላል።

የጊዜ ገደቦችም ትኩረት ይሻሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለጉዞ የሚያስፈልገው ምክንያታዊ ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ሕግም የምርመራ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ፣ ዐቃቤ ሕግም የምርመራ መዝገቡ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ክስ እንዲመሠርት ደንግጓል። እጅ ከፍንጅ በተያዙ ጉዳዮች ይህንን ጊዜ የበለጠ ማሳጠር ምስክሮች ሳይበተኑና እሸቱ ሳይበላሽ ውሳኔ ለመስጠት ያስችላል።

ኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶችን አቋቁሞ እውቅና ሰጥቷል። እርምጃው የሽማግሌዎችን ሚና ሕጋዊ መሠረት ቢያስይዝም፣ በስርቆት ረገድ የእርቁና የክሱ ድንበር በግልጽ መታወቅ ይኖርበታል። ለዚህም የወንጀል ሕጉ መውጫ አለው። ጥፋቱን አምኖ መጸጸትና የተቻለውን ያህል ጉዳቱን መካስ በአንቀጽ 82 ቅጣት ማቅለያ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት ተጎጂው ካሣውን በዚያው የወንጀል ችሎት ሊጠይቅ ይችላል። በ2003 ዓ.ም የጸደቀው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲም ከመደበኛው ክስ ውጪ ያሉ አማራጮችን ተቀብሏል።

በመሆኑም ሽማግሌዎች ያወረዱት እርቅ ንብረቱ ስለመመለሱና ካሣው ስለመከፈሉ በጽሑፍ ተረጋግጦ ከምርመራ መዝገቡ ጋር ቢያያዝ ፍርድ ቤቱ ቅጣት ሲወስን ሊያየው ይችላል። እንዲህ ሲሆን ተጎጂው ካሣውን ያገኛል፤ ጥፋተኛውም የመታረም ዕድል እያለው ሪከርዱ ይመዘገባል። ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የወረዳ ፍርድ ቤቶችና የቀበሌ አመራሮች በቀጣዩ የለቀማ ወቅት ከመድረሱ በፊት በዚህ አሠራር ላይ ቢግባቡ፣ እርቅ ለክስ እንቅፋት ከመሆን ይልቅ አጋዥ ሊሆን እንደሚችል መገንዘብ ይገባል።