የቸኮለው ማን ነው?

ባለፈው ሚያዝያ እዚህ ቨርጂኒያ ከትንሿ ልጃችን ትምህርት ቤት ደብዳቤ መጣልን። ልጃችን 6ኛ ክፍልን ስለምትጨርስ፣ 7ኛ ክፍል ላይ አልጀብራ 1 እንድትጀምር እንፈቅድ እንደሆነ ይጠይቃል። ባለቤቴ አንብቦ ፈገግ አለ። «እኔም በልጅነቴ ደብል መትቻለሁ፤ ምን ሆንኩ?» አለኝ። እኔ ግን ደብዳቤውን አጥፌ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ጉዳዩ ሳንነጋገር ቆየን።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከአራት ዓመት በፊት ለታላቅ ወንድሟ ተመሳሳይ ደብዳቤ ሲመጣ ሳናቅማማ ፈረምን። በሚቀጥለው እሁድ ከአገልግሎት በኋላ ሻይ ላይ ለእህቶች አወራሁ። የመጋቢው ልጅ ጎበዝ ነው ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ልጄ ግን ክፍልፋይንና ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን ገና በደንብ አልያዘም ነበር። ጥር ላይ አልጋውን ሳነጥፍ ከፍራሹ ሥር የተጣጠፉ አራት የፈተና ወረቀቶች አገኘሁ። «ለምን ደበቅከን?» ብለው «ለሰው ሁሉ ነግረሽ የለ እንዴ፣ እማዬ» አለኝ። ያቺ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

ብዙዎቻችን አገር ቤት ስንማር ሒሳብ በየዓመቱ አንድ ትምህርት ስለነበረ፣ የዚህ አገር አካሄድ ግራ ያጋባናል። እዚህ በአብዛኛው አልጀብራ 1፣ ጂኦሜትሪ፣ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ከዚያም ካልኩለስ እየተባለ በተራ ይሄዳል። በ7ኛ ክፍል የጀመረ ልጅ 11ኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ ይደርሳል፤ በ8ኛ የጀመረ 12ኛ ላይ ይደርሳል፤ በ9ኛ የጀመረ ደግሞ በፕሪካልኩለስ ይጨርሳል። እንግዲህ 8ኛ ክፍል ላይ የጀመረ ልጅ ወደ ኋላ የቀረ አይደለም። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያን ያህል ባልተጣደፍኩ ነበር።

ጥናቶቹም ቢሆኑ ለሁሉም ልጅ አንድ መልስ አይሰጡም። በሰሜን ካሮላይና የሻርለት መክለንበርግ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ተማሪዎችን በ8ኛ ክፍል አልጀብራ 1 አስጀምረው ነበር። ተመራማሪዎች ሲከታተሉ፣ መሠረታቸው ደካማ የነበሩት ልጆች ተጎድተው ተገኙ፤ በአልጀብራው ውጤታቸው ዝቅ አለ፣ ቀጥሎ ያሉትን ትምህርቶች የማለፍ ዕድላቸውም ቀነሰ። በሌላ በኩል ጁሊያን ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1971 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት ረጅም ጥናት፣ በሒሳብ እጅግ የበረቱና የተዘጋጁ ልጆች ቀድመው ቢሄዱ እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ስለዚህ ጥያቄው «መቅደም ጥሩ ነው ወይ?» ሳይሆን «ይህቺ ልጅ ዝግጁ ናት ወይ?» ነው።

አንድ ማታ ባለቤቴ ደብዳቤውን አውርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። «የምትፈሪው ለእሷ ነው ወይስ በወንድሟ በደረሰው?» አለኝ። አለቀስኩ። እውነትም ለትንሿ እየመለስኩላት የነበረው የታላቋን ጥያቄ ሳይሆን የታላቁን ነበር። እሱም በተራው «እኔም ደብል የመታሁትን ልጅ እንጂ እሷን አላየሁም» አለ። በሚቀጥሉት ቀናት ከእራት በኋላ አብረናት ተቀመጥን። ክፍልፋይ ስታካፍል ለምን እንደምትገለብጠው ጠየቅናት፤ ብርቱካን ቆርጣ አስረዳችን። ስትሳሳት አልተናደደችም፤ ስህተቷን ራሷ ፈለገች። መምህሯንም አነጋገርን። በመጨረሻ እሷን ራሷን ጠየቅናት። «እሞክራለሁ፤ ካልሆነ ግን መመለስ ይቻላል?» አለች።

ይቻላል። በቨርጂኒያ በመካከለኛ ደረጃ ለተወሰደ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወላጅ ከጠየቀ ውጤቱ ከትራንስክሪፕት ይቀራል፤ ክሬዲቱም አብሮ ይቀራል። ወንድሟ የተረፈው በዚህ ነው። 8ኛ ክፍል ላይ አልጀብራ 1ን ደግሞ ወሰደ፤ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል አልጀብራ 2ን ሳይደብቅ ይማራል። በሌላ ስቴት ያላችሁ ደንቡ ስለሚለያይ ከመፈረማችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን ካውንስለር ጠይቁ።

ፈረምን። ኅዳር ላይ ሦስታችን ተቀምጠን እንደገና ልናየው ተስማማን፤ መመለስ ብትፈልግ ማንም እንዳይቆጣ ቃል ገባንላት። ከዚያ ወደ ወንድ ልጄ ክፍል ገብቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ዘገየሽ፣ እማዬ» ብሎ ሳቀና አቀፈኝ።

ባልና ሚስት ሆይ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቤታችሁ ከገባ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ልጃችሁን ቀርባችሁ እዩት። እሁድ ሻይ ላይ ደግሞ ዝም በሉ። እኔ ዘንድሮ ዝም ብያለሁ፤ ለእናንተ ብቻ ነገርኳችሁ፣ እሱንም ልጄን አስፈቅጄ።

እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ።