ስለ ሶፍትዌር ክፍሎች እድሳትና ስለ ቁጥጥሩ

ከነጋዴዎቻችን መካከል ሒሳባቸውንና የመጋዘን ዕቃቸውን እንደ ኦዱ ባሉ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች የሚይዙ አሉ፤ ክፍት ምንጭ መባላቸውም የተጻፉበት ኮድ ለማንም ግልጽ ስለ ሆነ ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ግን ብቻውን የቆመ አይደለም። ሠሪዎቹ ሁሉን ከመሠረቱ ከመጻፍ ይልቅ ሌሎች ጽፈው በነጻ የለቀቋቸውን ክፍሎች ይዋሳሉ፤ የተዋሷቸውም ክፍሎች ደግሞ ከሌላ የተዋሱት አላቸው። ስለዚህ በአንዱ ክፍል ጉድለት ተገኝቶ አዲስ ዕትም በወጣ ጊዜ፣ የተዋሰው ፕሮጀክት ሁሉ በቶሎ ሰምቶ አሮጌውን በአዲሱ መለወጥ ይኖርበታል። ይህን ማን ይከታተል? እንደኔ አስተያየት፣ መከታተሉ ለኮምፒዩተሩ ለራሱ፣ መወሰኑ ግን ለሰው ሊሰጥ ይገባል።

በአሜሪካ የሕዝቡን የብድር ታሪክ መዝግቦ በሚይዘው በኢኩፋክስ ኩባንያ ላይ የደረሰው ነገር ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በማርች 2017 አፓቺ ስትራትስ በሚባል ክፍት ምንጭ ክፍል ላይ ብርቱ ቀዳዳ ተገኝቶ፣ የሚደፍነው ዕትም ወዲያው ወጥቶ ነበር። ኩባንያውም በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲለወጥ ለሠራተኞቹ በኢሜይል አዘዘ። ይሁን እንጂ ትእዛዙ ለሚለውጠው ሰው አልደረሰም። በጽሕፈት ቤት የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተላከ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የሚመለከተው አይገኝም። ቀዳዳውን እንዲፈልግ የተሰማራው የፍተሻ ፕሮግራምም ሳያገኘው ቀረ፤ ኩባንያው ያ ክፍል የት የት እንደሚሠራበት የሚያሳይ የተሟላ ዝርዝር አልነበረውምና። ከሜይ እስከ ጁላይ ድረስ ሌቦች እየተመላለሱ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ወሰዱ።

አሁን ያሉት ተቈጣጣሪዎች፣ ለምሳሌ ጊትሃብ በ2019 የገዛው ዲፔንዳቦትና ሬኖቬት፣ ሥራቸውን የሚጀምሩት ልክ ከዚህ ከጐደለው ዝርዝር ነው። ፕሮጀክቱ የተዋሳቸው ክፍሎች ከነዕትም ቁጥራቸው የተጻፉበትን ፋይል በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ያነባሉ፤ ከወጡት አዳዲስ ዕትሞች ጋር ያስተያያሉ፤ ልዩነት ባገኙ ጊዜም ለውጡን አዘጋጅተው፣ ምን እንደ ተሻሻለ ከሚገልጸው ማስታወሻ ጋር ለኀላፊው ያቀርባሉ። ፕሮጀክቱ የራሱ ፈተናዎች ያሉት እንደ ሆነ፣ ኀላፊው ሳይወስን በፊት ፕሮግራሙ በአዲሱ ክፍል መሥራቱ ይፈተናል። የሚቀርበው ሐሳብ ሲበዛ ኀላፊዎች ይሰለቻሉ የሚባለው እውነት ነው፤ ቢሆንም ጥቃቅኑን ባንድነት አጠቃሎ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲቀርብ ማድረግ ይቻላል።

የሚያሠጋኝ፣ የመጣውን ሁሉ ሰው ሳያየው እንዲቀበል የሚፈቅዱ ሰዎች ነገር ነው። በሴፕቴምበር 2025 አንድ የክፍሎች ባለቤት በሐሰተኛ ኢሜይል ተታሎ፣ ኤንፒኤም በሚባለው ማከማቻ ውስጥ ባንድነት በሳምንት ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይወርዱ የነበሩ 18 ክፍሎች ተንኰል ገብቶባቸው ወጡ። ተንኰሉም በዲጂታል ገንዘብ የሚከፍለውን ሰው ገንዘብ ወደ ሌባው አድራሻ የሚያዞር ነበር። ነገሩ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ተነቃበት፤ ጥቂት ቀን ታግሦ የሚቀበል ፕሮጀክት አይነካም ነበር ማለት ነው። ሁለቱም ተቈጣጣሪዎች ይህን የመታገሻ ቀን ወስኖ ለመስጠት ያስችላሉ። የታወቀ ቀዳዳን የሚደፍን ዕትም ግን ቀን ሳይቈጠርበት ተመርምሮ መግባት አለበት።

እንግዲህ ሶፍትዌር ከሚተክሉልን ሰዎች ጋር ስንዋዋል፣ ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ጉዳይ አንድ አንቀጽ ብናስገባ መልካም ነው። ተቈጣጣሪው የሚያቀርበውን የሚያየው ሰው ስሙ፣ በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚሰጥ፣ እርሱ በሌለ ጊዜም ተተኪው ማን እንደ ሆነ ይጻፍ። ከዚህም ጋር ሊታሰብበት የሚገባው፣ ዋናው ፕሮጀክት ቢታደስም በእኛ መሥሪያ ቤት የተተከለው ቅጂ ብዙ ጊዜ በራሱ የማይታደስ መሆኑ ነው፤ እርሱን የሚያድሰው ሰውና ቀኑም በዚያው ውል ውስጥ ለብቻው መጠቀስ ይኖርበታል።